ሁለተኛዋ አስሊ

ሰው ከፍርሃቱ ጋር አንድ ጣሪያ ስር ሃያ ሁለት ዓመት መኖር ይችላል። ይለምደዋል ማለት አይደለም፤ እንደ አስቸጋሪ ተከራይ እያባበለ ያኖረዋል እንጂ። ጠዋት ቀድሞት ይነሳል፤ ሲመሽ እሱ መተኛቱን አረጋግጦ ነው ጋደም የሚል። እሷ የኖረችው እንደዚህ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ስህተት አታሳልፍም ብለው «ዳኛዋ» ይሏት ነበር። ባሏን ደግሞ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፕሮፌሰር ከሆነም በኋላ፣ የምርምር ክፍሉ ኃላፊ ከሆነም በኋላ፣ ከጀርባው «ጠመኔ» ነበር የሚሉት። ሁለቱም ስሞች የወጡላቸው አንድ ፎቅ ላይ፣ አንድ ኮሪደር ውስጥ ነው።

ነገሩ የጀመረው በቁልፍ ነው። ሥራ የገባች ዕለት የተሰጣት ቁልፍ በሩን አልከፍት ብሏት፣ ቦርሳዋን ታቅፋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነች፤ የመጀመሪያ ቀኗ ነው፤ ሄዳ ሰው መጠየቅ እንኳ አስፈርቷታል። ከላይ አንድ ወጣት እየሮጠ ወረደ። እጅጌው ነጭ፣ ፀጉሩ ነጭ፣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኗል።

«ወፍጮ ቤት ነው የምትሠራው?» አለችው፣ ሳታስበው አምልጧት።

ቆም ብሎ ክንዱን አየ። «አይ፣ እዚሁ ነኝ። ደሞዙ ግን ከወፍጮ ቤቱ ያንሳል።»

«እህሉ የታለ ታዲያ?»

«ከጠዋት ጀምሮ ፈጭቼ ፈጭቼ የወጣልኝ ዜሮ ነው። አንቺስ፣ የደረጃ ዘበኛ ነሽ?»

«ቁልፌ አልከፍት ብሎኝ ነው።»

ቁልፉን ተቀብሏት ወደ በሩ ሄደ። በሩን በመዳፉ ገፋ፣ በትከሻው መታ አደረገው፣ ከዚያ ቁልፉን አዞረ። ተከፈተ። «ይሄ በር ቁልፍ አይበቃውም፤ ትንሽ ንቀትም ይፈልጋል» ብሏት እየሮጠ ወረደ። የመዳፉ ምልክት በጠመኔ በሩ ላይ ቀረ። የፅዳት ሠራተኛዋ እስክታጠፋው ድረስ አራት ቀን፣ እሷ ከምልክቱ በታች እየገፋች ነው የገባችው።

በሳምንቱ ሰኞ አለቃ ሁለቱንም ጠሯቸው። አለቃ የሚባሉት የምርምር ክፍሉን ያቋቋሙት ሽማግሌ ፕሮፌሰር ናቸው። በእሳቸው ክፍል ማሽን የለም፤ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ሰሌዳና የቆሻሻ ቅርጫት ብቻ ነው ያለው። ሌሎች በትልልቅ መሣሪያ የሚለኩትን እነሱ አስቀድመው በሒሳብ ይተነብያሉ።

«ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ሲሳሳት ድልድዩ ይነግረዋል» አሉ አለቃ። «እኛ ስንሳሳት የሚነግረን የለም። ወረቀት አይጮህም። ስለዚህ እዚህ ማንኛውንም ትልቅ ሒሳብ ሁለት ሰው ነው የሚያሰላው፤ ለየብቻው፣ በሩን ዘግቶ። በተባለው ቀን ሁለታችሁም የመጨረሻውን ቁጥር በፖስታ አሽጋችሁ ታመጣላችሁ፤ እኔ ሰው ሁሉ ፊት እከፍተዋለሁ። ከገጠመ ይታተማል። ካልገጠመ ሁለታችሁም ከሀ ትጀምራላችሁ። ሁለት ሰው በየፊናው ሄዶ አንድ ገደል ውስጥ አይገናኝም። ከተገናኘ፣ እዚያ ያለው ገደል ሳይሆን መንገድ ነው።»

ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። «በዚህ ሥራ ነገር ከዛሬ ጀምሮ አትተዋወቁም። የት ደረስሽ የለም፤ የት ደረስክ የለም። ተግባባን?»

«በሌላው ነገርስ አለቃ?» አለ ጠመኔ።

«በሌላው እኔ ምን አገባኝ? እኔ የፊዚክስ አስተማሪ እንጂ የጎረምሳ ጠባቂ ነኝ?»

ሥራው ስለ አንዲት ኢምንት ቅንጣት ነበር። ቅንጣቷ ተፈጥራ እስክትፈርስ ምን ያህል ጊዜ ትቆያለች? ሒሳቡ አርባ አንድ ቁራጭ አለው፤ አርባ አንዱ ተደምሮ አንድ ቁጥር ይሰጣል። የተሰጣቸው ጊዜ አንድ ዓመት ነው።

በዚያ ዓመት ተዋደዱ። ምሳ ሰዓት ላይ ከሕንፃው ጀርባ ባለችው አግዳሚ ወንበር ይገናኛሉ። ስለ ሁሉም ነገር ያወራሉ፤ ሁለቱም ቀኑን ሙሉ ከሚያስቡት ከዚያ ከአንዱ ነገር በቀር። ሌሎች ፍቅረኞች «እንዴት ዋልሽ?» ይባባላሉ። እነሱ ይቺን እንኳ አይባባሉም፤ ምክንያቱም አዋዋላቸው ሒሳቡ ነው። በዚያ ፋንታ «ምን በላሽ?» ይላል፣ «አንተስ?» ትላለች። እሱ አንዳንድ ቀን ትከሻው ወድቆ ይመጣል፤ አንዱ ቁራጭ እንዳስቸገረው ታውቃለች፤ አትጠይቅም። እሷ አንዳንድ ቀን ሳትፈልግ ፈገግ ትላለች፤ እሱ ያየዋል፤ ፊቱን ወደ ዛፉ ያዞራል። እንዲህ ያለ ዝምታ ውስጥ ሰው ሰውን በጣም ይማራል።

ጠመኔን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እናትና አባት በልጅነቱ ሲሞቱበት የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች አስተማረችው። «እትዬ» ይላታል። «እትዬ ፊዚክስ ምን እንደሆነ አይገባትም» አላት አንድ ቀን። «ጎረቤት ሲጠይቃት ግን 'ወንድሜ የማይታይ ነገር ይሰፋል' ትላለች። ከዚህ የተሻለ መልስ ከአለቃም አልሰማሁም።»

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ጠመኔ ተለወጠ። አግዳሚ ወንበሯ ላይ ምሳውን ሳይነካ ተቀመጠ።

«ኮንትራቴ ፖስታው ከተከፈተ በስድስተኛው ሳምንት ያልቃል። አለቃ ጠርተው ነገሩኝ። ቋሚ ቦታ አንድ ነው፤ የሚሰጡት ያለቀ ሥራ ላለው ሰው ነው። ካልገጠመ...»

«ካልገጠመስ?»

«ካልገጠመ ወደ ወፍጮ ቤት።» ሳቀ፤ ሳቁ አልያዘለትም። «ልጠይቅሽ ያሰብኩት ሌላ ነገር ነበር እኮ። ሲገጥም ነው የምጠይቅሽ ብዬ ነው ያቆየሁት።»

«ሳይገጥምም ጠይቀኝ።»

«ሥራ የሌለው ሰው እንዴት ይጠይቃል?»

«በአፉ» አለችው። ሳቀ። ግን አልጠየቃትም። እሷ ፍርሃትን ያወቀችው ያን ቀን ነው፤ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ከእግር ጣቷ ጀምሮ ወጣ።

ፖስታው ሊከፈት አንድ የሥራ ቀን ሲቀረው ጠመኔ ታመመ። እህቱ ጠዋት ቢሮዋ ድረስ መጣች፤ ጣቷ ላይ የስፌት ቀለበቷን እንኳ አላወለቀችም።

«ልጄ፣ በትኩሳት እየነደደ ነው። ይሄን ለአለቃው ጸሐፊ ስጪልኝ አለ። ሌላ ሰው እንዳይነካው፣ ለዳኛዋ ብቻ ስጪ፣ ከእሷ በላይ የሚታመን የለም እያለ ሲለፈልፍ ነው ያደረው።»

ፖስታውን ተቀብላ ወደ ጸሐፊዋ ቢሮ ወጣች። በደረጃው መካከል ትልቅ መስኮት አለ፤ የጠዋት ፀሐይ በሙሉ ይገባበታል። ፖስታው ስስ ነበር። ማየት አልፈለገችም፤ ይህን እስከ መጨረሻው ድረስ ስትምል ኖራለች። ግን እጇ ከፍ አለ፤ ብርሃኑ ወረቀቱን አለፈው፤ ውስጥ ያለው ቁጥር ወለል ብሎ ታየ። ዜሮ ነጥብ ስድስት አንድ ሰባት።

የእሷ ዜሮ ነጥብ አምስት ስምንት ሦስት ነው።

ተመልሳ ቢሮዋ ገባች፤ በሩን ዘጋች። ቀኑን ሙሉ የራሷን ስህተት ፈለገች። አርባ አንዱንም ቁራጭ ከላይ እስከ ታች ሄደችበት፤ መስመሮቹ ይደራረቡባት ነበር። ስህተት ብታገኝ ደስ ባላት። አላገኘችም። ጸሐፊዋ ቢሮዋን የምትዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዳኛዋ የራሷን ፖስታ ቀደደች፤ በአዲስ ወረቀት ላይ የእሱን ቁጥር ጻፈች፤ ሁለቱን ፖስታ ወስዳ አስረከበች።

እሱ ነው ትክክል፣ ብላ ለራሷ ነገረች። እሱ መሆን አለበት። ሌላ ሴት ለወደደችው ሰው ስትል ትዋሻለች፣ ከቤት ትጠፋለች፣ ከወላጅ ትጣላለች። እሷ ያደረገችው እሱን ማመን ብቻ ነው። በዚያ ፎቅ ላይ ግን ከዚህ የከፋ ወንጀል አልነበረም።

አለቃ ፖስታዎቹን ከፈቱ። አንዱን አነበቡ፣ ሌላውን አነበቡ፣ የመጀመሪያውን ደግመው አነበቡ።  ከዚያ ተነሥተው ሁለቱንም ግንባራቸውን ሳሟቸው። ጭብጨባው ሲነሣ ጠመኔ፣ ትኩሳቱ ገና ያልለቀቀው ፊቱ ገርጥቶ፣ ዞሮ አያት። እንደዚያ ታይታ አታውቅም። እሷ መሬት መሬት አየች። ዓይን አፋርነት መሰለው።

በወሩ ቋሚ ቦታውን አገኘ። በሦስተኛው ወር ተጋቡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ለሌላ ሰው የደስታ ታሪክ ነው። መምህር ሆነ፤ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ፕሮፌሰር ሆነ። አለቃ በጡረታ ሲወጡ የምርምር ክፍሉን ተረከበ። ከሩቅ አገር ይጠሩታል፤ ያቺን ቁጥር መሠረት አድርገው ሌሎች ይጽፋሉ፣ በእነሱ ላይ ሌሎች ይጽፋሉ። እሷ ግን አንድም ቀን ተመልሳ ጥንድ ሆና አላሰላችም። «ዓይኔን ያመኛል» አለች፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ማስተማር ጀመረች። ዳኛ ችሎቷን ጥላ ሸሸች ብለው ቀለዱባት።

ስልክ ሲጠራ ትደነግጣለች። ከመጽሔት አዘጋጆች ወፍራም ደብዳቤ ሲመጣ እሱ ከፍቶ እስኪጨርሰው ደጃፉ ላይ ትቆማለች። ከስብሰባ ሲመለስ መጀመሪያ የምታየው ፊቱን አይደለም፤ ጫማውን ነው። ጫማውን አስተካክሎ ካስቀመጠ ሁሉም ደህና ነው። አንዱን ወዲያ አንዱን ወዲህ ከጣለው፣ አንድ ሰው ነግሮታል ማለት ነው ትላለች በልቧ፤ ተገለጠ። ከዚያ እሱ «አውሮፕላኑ ዘገየ፣ ሞቼልሻለሁ!» ሲላት እንደገና ትተነፍሳለች።

ከሁሉ የከፋው ተረቱ ነበር። አዲስ ተመራማሪ በመጣ ቁጥር የክፍሉን ደንብ ሲያስረዳ፣ እሷን አጠገቡ አቁሞ እንዲህ ይላል፦ «እኔና ባለቤቴ ሳንነጋገር አንድ ቁጥር ላይ ተገናኝተናል። ከዚያ ወዲህ የመጣው የጋብቻ ወረቀት ለወጉ ያህል ነው!» ሰው ይስቃል። ወደ እሷ ይዞራሉ። እሷም ትስቃለች። ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ ፊቷን ትታጠባለች፤ በጣም ረጅም ጊዜ ትታጠባለች።

አንድ ጊዜ ልትነግረው ሞክራለች። በተጋቡ በሦስተኛው ዓመት፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ «አንድ ነገር አለ» ብላ ጀመረች። ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ሲነቃ «ምን አልሽ?» አላት። «ወራጅ አለ» አለች።

በሃያ ሁለተኛው ዓመት፣ አንድ ሐሙስ፣ ጠመኔ ካባ የለበሰ ያህል ደረቱን ነፍቶ ገባ።

«ጸደቀልን!»

«ምኑ?»

«መሣሪያው ነዋ! ከመሬት በታች ይሠራል። የእኛን ቅንጣት ያድናታል። ስልሳ ወጣት፣ አሥራ ሁለት ዓመት። ሰኞ ነው የምፈርመው።»

«እና የት... የት ነው የሚፈልጋት?»

«ስድስት አንድ ሰባት ላይ ነዋ። መሣሪያው ጠባብ መስኮት በይው፤ የሚያየው ወዲህ ተመልከት የተባለውን ብቻ ነው።»

«ሰፋ ብታደርጉትስ?»

«ለምን? ሁለት ሰው ያሰላው ቁጥር ነው እኮ። አንደኛዋ ደግሞ ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ?» አፍንጫዋን በጣቱ ነካ አደረጋት።

እሱ ያላወቀው፣ የመሣሪያው ወሬ ከተጀመረ ወዲህ እሷ ተደብቃ ማስላት ጀምራ ነበር። እሱ ሥራ ሲሄድ በሩን ትቆልፋለች፤ አርባ አንዱን ቁራጭ እንደ አዲስ ትጀምራለች። ሰባት ወር ፈጀባት። በመጨረሻ የወጣላት ያው አምስት ስምንት ሦስት ነው። ግን ምን ይጠቅማል? ብቻዋን ነው ያገኘችው። በምርምር ክፍሉ ደንብ አንድ ሰው ብቻውን ያገኘው ቁጥር ቁጥር አይደለም፤ ወሬ ነው።

ስልሳ ወጣት ታሰባት። አሥራ ሁለት ዓመት። ከመሬት በታች ሆነው በጠባብ መስኮት ባዶ ነገር ሲያዩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለፊርማው ቀን የሚለብሰውን ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። እሱ ሶፋው ላይ ሆኖ ንግግሩን ያነብላታል። ተረቱ ጋ ደረሰ፤ «እኔና ባለቤቴ ሳንነጋገር...»

«ፖስታህን አይቼዋለሁ» አለች።

«የቱን ፖስታ?»

«ያን ጊዜ። ታመህ እትዬ ይዛው መጥታ። ደረጃው ላይ፣ በመስኮቱ ብርሃን።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ፤ ዓይኑ ግን ቀድሞ ሄደ። «አይተሽው?»

«የኔ ሌላ ነበር። ቀየርኩት።»

 ከካውያው ስር ጨርቅ መቃጠል ጀመረ፤ ሁለቱም አልተንቀሳቀሱም።

«ያንቺ ስንት ነበር?»

«አምስት ስምንት ሦስት።»

«ስህተትሽን አግኝተሽው ነበር?»

«ቀኑን ሙሉ ፈለግሁ። አላገኘሁም።»

«እና ቀየርሽው።»

«ቀየርኩት።»

ተነሣ። የካውያውን ገመድ ነቀለ። የተቃጠለውን ሸሚዝ አየው፣ እሷን አየ፤ ኮቱን ይዞ ወጣ። ጫማውን እንኳ ደረጃው ላይ ነው ያሰረው። ሲወርድ ሰማችው፤ እንደ ሽማግሌ አንድ በአንድ ይረግጥ ነበር።

እሑድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። እህቱ ናት።

«ምን አደረግሽው?»

«እዚያ ነው ያለው?»

«የስፌት መኪናዬን አውርዶ ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት አንግሦ ተቀምጧል። አይበላም አይጠጣም፤ ያሰላል። ሰኞ ልብስ የሚወስዱ ደንበኞች አሉብኝ ብዬ ብነግረው አልሰማ አለ።»

«እትዬ... ይናገራል?»

«ከራሱ ጋር። እሱስ ድሮም ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ልጄ፣ እኔ ያሳደግሁት ነኝ። እንዲህ ሆኖ ያየሁት እናታችን የሞተች ጊዜ ብቻ ነው። ምን እንደሆነ አትንገሪኝ። ግን ከቤት አትውጪ፤ ጠብቂው።»

አልመጣም።

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። እሷ ኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ወደ ውጭ መሮጥ ቢያስፈልግ ብላ። ወጣቶቹ አዲስ ልብስ ለብሰዋል፤ ይሳሳቃሉ። ጠመኔ በቅዳሜው ልብሱ፣ ባልተላጨ ፊት ገባ። ሳቁ ቆመ።

«ዛሬ አልፈርምም» አለ። «መሣሪያው የቆመበትን ቁጥር ያሰላው አንድ ሰው ብቻ ነው። እኔ ነኝ። ለሃያ ሁለት ዓመት ሁለት ነን ስል ኖሬያለሁ። ትክክል አልነበረም።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ከፊት ያለች አንዲት ወጣት ተመራማሪ እጇን አወጣች። «ፕሮፌሰር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ... ሁለተኛዋ አስሊ ባለቤትዎ አይደሉም እንዴ?»

ሁሉም ዞሩ። ያው ሁልጊዜ ወደ እሷ የሚዞሩት አዟዟር ነው፤ አሁን ግን የሚስቅ የለም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ፈጠን ብሎ። «ፖስታዬ ስስ ነበር፣ አሻሸጌም...»

እሷ ተነሣች።  «ፖስታው ምንም አላጠፋም» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር፤ ግን እስከ ፊት ሄደ። «እኔ ነኝ። የሱን ቁጥር አየሁ፤ የኔን ትቼ የሱን ጻፍኩ። ያስገደደኝ ሰው የለም።»

 ጠመኔ ከመድረኩ ላይ አያት።

«ሁለተኛዋ አስሊ እኔን አመነች» አለ በመጨረሻ። «በዚህ ፎቅ ላይ ይሄ ወንጀል ነው፤ ደንቡን አውቀዋለሁ። ግን እኔ ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩት በዚሁ በእሷ እምነት ነው። ሌላ ከሳሽ ፈልጉ፤ እኔ ልከሳት አልችልም።»

ኮሪደሩ ላይ ተከትሏት ወጣ። ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር።

«አልተናደድክብኝም?»

«በጣም ነው እንጂ የተናደድኩት። ስለ ቁጥሩ አይደለም። ቁጥርን አስተካክለዋለሁ።» አጠገቧ ግድግዳውን ተደገፈ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈርተሽኛል። አጠገቤ ተኝተሽ። ምን አደረግሁሽ? ከምኔ የተነሣ ነው?»

ይህን ጥያቄ አልጠበቀችውም። ስትጠብቅ የኖረችው ጩኸት ነው።

«አንተን አይደለም የፈራሁት። አንተን ማጣት ነው።»

«እኔ በየት በኩል ነው ልዩነቱን የማውቀው? ከውጭ ሲታይ አንድ ነው። ስገባ ጫማዬን ስታዪ አውቃለሁ። የቆሸሸ እየመሰለኝ ሁልጊዜ ውጭ ነበር የምጠርገው።»

ሳቅም ልቅሶም ያልሆነ ነገር ከአፏ ወጣ።

«ይቅርታ አትጠይቂኝ» አላት። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ከዛሬ ጀምሮ የምትፈሪውን ትነግሪኛለሽ። በዚያው ቀን። ትንሹንም፣ የሚያሳፍረውንም።»

«አሁን ይጀምራል?»

«አሁን።»

«ወደ ቤት አትመጣም ብዬ እፈራለሁ።»

«ሸሚዝ የለኝም፤ የት እሄዳለሁ?» አለ።

የሆነው ሁሉ ቀላል አልነበረም። ኃላፊነቱን በፈቃዱ ለቀቀ። ስብሰባ የሚጠሩት ሰዎች መጥራት ተዉ። ኮሪደር ላይ ሲያልፉ ወሬ የሚያቆሙ ነበሩ። አንዳንድ ቀን እሱም ቁጣው ይመለስበትና ቀኑን ሙሉ አያናግራትም፤ ምሳ ሰዓት ላይ ግን አግዳሚ ወንበሯ ላይ ይጠብቃታል። ሒሳቡን ሁለት ወጣቶች እንደ አዲስ ጀመሩት፤ በሁለት የተዘጉ ክፍሎች።

አሥራ አንድ ወር ፈጀ። ጠመኔ ከቢሮው ደወለላት፤ ስታነሣው የሚያለቅስ መስሏት ደነገጠች። እየሳቀ ነበር።

«ገጠመ! ሁለቱም ልጆች አንድ ቁጥር ላይ ደረሱ!»

«የማን ላይ?»

«ስድስት ዜሮ አራት!»

«የማን ነው እሱ?»

«የማንም! ሁለታችንም ተሳስተናል። እኔ ወደ ላይ፣ አንቺ ወደ ታች።» ሳቁ አላናግር አለው። «ዳኛዋ፣ እውነቱን ደብቄያለሁ ብለሽ ሃያ ሁለት ዓመት ስትንቀጠቀጪ፣ የደበቅሽው ሌላ ውሸት ነው!»

ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። «ያኔ ፖስታዬን ባልቀይረው ኖሮስ?»

«አይገጥምም ነበር። እንደ አዲስ ይጀመር ነበር፤ እኔም እባረር ነበር።»

«ሳንጋባ እንቀር ነበር።»

«እሱን እንኳ አላውቅም» አለ፣ ሳቁ ቀስ እያለ እየለቀቀው። «ሥራ የሌለው ሰው በአፉ ይጠይቃል ያልሽኝን ሳስበው ነው የከረምኩት። ምናልባት ልቤ ይሞላ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። ቃሏን ጠበቀች። «ዛሬ ምን ፈራሽ?» ይላታል ኮቱን ሳያወልቅ። ጋዙን ሳልዘጋ የወጣሁ መስሎኝ ነበር ትላለች። ተማሪ ጠይቆኝ መልሱ ጠፋብኝ ትላለች። እያረጀሁ ነው ትላለች። እሱ አንዱንም አላናናቀባትም፤ እያንዳንዷን እንደ ከባድ ሒሳብ ቁጭ ብሎ ይሰማታል። የራሱን ስትጠይቀው ግን «እኔ? ከእትዬ በቀር የምፈራው የለኝም» ብሎ ያልፋታል። እሷም ታምነው ነበር፤ ይሄ ሰው ፍርሃት አልፈጠረበትም ትላለች።

በስድስተኛው ዓመት ሆስፒታል ገባ። ዶክተሩ መጥቶ ከእሷ ጋር ኮሪደር ላይ ተነጋገረ። ስትመለስ ጠመኔ ትራሱን ከፍ አድርጎ እየጠበቃት ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ አልጋው ላይ ደርሷል። እጁ ቀጥኗል።

«ዛሬ ምን ፈራሽ?» አላት።

ለመዋሸት የሚሆን ጊዜ ነበራት። አንድ እስትንፋስ ያህል። ጋዙን ልትል ትችል ነበር።

«ልትሞትብኝ ነው ብዬ» አለች። «በጣም ነው የፈራሁት። እጄን እየው።»

እጇን ያዘው። ይንቀጠቀጥ ነበር። የማን እጅ እንደሚንቀጠቀጥ ለመለየት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት።

«እኔም» አለ።

በሃያ ስምንት ዓመት ትዳር ውስጥ እንዲህ ሲል ሰምታው አታውቅም። የሚጨምረው ነገር ካለ ብላ ጠበቀች፤ አልጨመረም። ቀልድም አላስከተለበትም። እየተንፏቀቀ ወደ ግድግዳው ጠጋ አለና በአልጋው ጠርዝ ቦታ ለቀቀላት። ጫማዋን አወለቀች፤ ጎኑ ገብታ ጋደም አለች።

ነርሷ መድኃኒት ይዛ መጣች። አየቻቸው። መድኃኒቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ መጋረጃውን ስባላቸው ወጣች።